መመረቂያ ጽሑፍን የመጽሐፍ ረቂቅ አድርጎ ለአካዳሚክ አሳታሚ ማስገባት፦ ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ጥሩ ጥናት ገምጋሚ እጅ ሳይደርስ አርታኢው ዘንድ ይቀራል። ምክንያቱ ሲታይ በአብዛኛው ያው ነው፦ የገባው መጽሐፍ ሳይሆን ሽፋኑ የተቀየረ መመረቂያ ነው፤ ፋይሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት አማርኛው የማይነበብ ምልክት ሆኗል፤ የጸሐፊዎች ስም ተገልብጧል፤ ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይታወቅም፤ ፎቶው ለኅትመት አይበቃም። ይህ ሁሉ ረቂቁ ከመላኩ በፊት ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው፤ የሚያሳዝነውም ለዚህ ነው።

መመሪያው ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ባህል ወይም ማኅበረሰብ የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ጥናት ሠርተው በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሊያደርጉት ለተነሡ ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ይሂዱባቸው። በተለይ ደረጃ 4ን ሳይጨርሱ ወደ ደረጃ 5 ከገቡ፣ የደረደሩትን የዋቢ ዝርዝር እንደገና ለመደርደር ይገደዳሉ።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

- የመመረቂያውን የመጨረሻ የዎርድ ፋይል። ፒዲኤፉ አይበቃም። ዎርዱ ከጠፋ ከፒዲኤፍ ገልብጦ መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን የግርጌ ማስታወሻዎቹ ከጽሑፉ ጋር ይቀላቀላሉ፣ አንድ በአንድ መልሰው ማስገባት ይኖርብዎታል።
- ፎቶዎችና ካርታዎች በዋና ፋይላቸው፤ ዎርድ ውስጥ ከተለጠፈው ላይ የተቀዳ አይደለም።
- የቃለ መጠይቅ ማስታወሻዎችና የመረጃ ሰጪዎች የስምምነት ቅጽ።
- «የአጻጻፍ ውሳኔዎች» የሚል ባዶ ሰነድ። ከዚህ በኋላ የሚወስኑትን ሁሉ፣ «ዐፄ» ወይስ «አፄ»፣ «ወሎ ጠቅላይ ግዛት» ወይስ «ወሎ ክፍለ ሀገር»፣ እዚህ ላይ ይመዝግቡ። ይህን ሰነድ ከረቂቁ ጋር አብረው ለአሳታሚው ይልኩታል፤ የቋንቋ አርታኢው ከሁሉ በፊት የሚፈልገው እሱን ነው።

ደረጃ 1፦ አሳታሚ ይምረጡ፣ የደራሲ መመሪያውን ያውርዱ

1. መደርደሪያዎን ይመልከቱ። በጥናትዎ ውስጥ ደጋግመው የጠቀሷቸውን 10 መጻሕፍት ያውጡና ማን እንዳሳተማቸው ይዘርዝሩ። ሁለት ሦስት ጊዜ የተደጋገመው ስም የመጀመሪያ ዕጩዎ ነው። በአማርኛ ለሚጻፍ ሥራ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ግንባር ቀደሙ ነው። በእንግሊዝኛ ለሆነ የጄምስ ከሪ የምሥራቅ አፍሪካ ተከታታይ፣ ለብራናና ለጥንታዊ ጽሑፍ ጥናት ደግሞ የጀርመኑ ሃራሶዊትዝና የኔዘርላንዱ ብሪል ይታያሉ።
2. የመረጡትን አሳታሚ የደራሲ መመሪያ ከድረ ገጹ ያውርዱና አትመው በእጅዎ ይያዙ። ከዚህ ጽሑፍ ጋር የሚጋጭ ነገር ካለው የአሳታሚው ይቅደም።
3. ፕሮፖዛል በአንድ ጊዜ ለሁለት ሦስት አሳታሚ መላክ ብዙ ቦታ ይፈቀዳል፤ መላክዎን ግን በግልጽ ይናገሩ። ሙሉ ረቂቅ ለግምገማ ከገባ በኋላ ግን መልስ እስኪመጣ ለሌላ አይላክም። ገምጋሚዎቹ ከጥቂት የዘርፉ ሰዎች መካከል ስለሚመረጡ፣ አንዱ ሰው ያንኑ ረቂቅ ከሁለት አሳታሚ ሊቀበል ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከተመረቁ ብዙም ሳይቆይ «መመረቂያዎን በነፃ እናሳትምልዎ» የሚል ኢሜይል ከማያውቁት ድርጅት ከመጣ፣ ገምጋሚ እንዳለው ይጠይቁ። ያለ ግምገማ፣ ያለ አርትዖት፣ በሁለት ሳምንት መጽሐፍ እናወጣለን ካሉ አይፈርሙ። ውሉ የማሳተም መብቱን ስለሚወስድ፣ በኋላ ትክክለኛ አሳታሚ ቢገኝ እንኳ ሥራውን መስጠት አይችሉም።

ደረጃ 2፦ መመረቂያውን ያፍርሱ

ይህ ደረጃ ወራት ይወስዳል፤ የሚዘለልም አይደለም። መመረቂያ የሚጻፈው ለፈታኞች ነው፤ ጸሐፊው ሥነ ጽሑፉን ማንበቡን፣ ዘዴውን ማወቁን ያስመሰክራል። የመጽሐፍ አንባቢ ይህን ማስረጃ አይጠይቅም።

1. ምዕራፍ አንድን በትኑት። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው ቅርጽ የጥናቱ ዳራ፣ የችግሩ መግለጫ፣ ዓላማ፣ ጠቀሜታ፣ ወሰን፣ ውስንነትና አደረጃጀት ነው። ዳራውን ለአዲሱ መግቢያ ያስቀሩት። የችግሩን መግለጫና ጥያቄዎቹን አንድ ላይ ጨምቀው፣ መጽሐፉ ምን እንደሚል የሚናገሩ ሁለት አንቀጾች ያድርጓቸው። ዓላማ፣ ጠቀሜታና ወሰን ይውጡ። ውስንነቱን በምንጮች ላይ ወደሚጽፉት አጭር ክፍል ያዛውሩ።
2. የተዛማጅ ጥናቶች ቅኝትን እንደ ምዕራፍ አያስቀሩት። እያንዳንዱን ሥራ ይያዙና «ከዚህ ጋር የምከራከረው የት ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ያለው ክርክሩ ወደሚነሣበት ምዕራፍ ይሂድ፤ መልስ የሌለው ወደ ግርጌ ማስታወሻ ይውረድ ወይም ይሰረዝ።
3. የአስርዮሽ ቁጥር ያላቸውን ንዑስ ርዕሶች፣ 2.3.1.4 የሚሉትን፣ ያጥፉ። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት የርዕስ እርከን ይበቃል።
4. በየምዕራፉ መጨረሻ ያለውን «የምዕራፉ ማጠቃለያ» እና በሚቀጥለው መጀመሪያ ላይ ያለውን «ባለፈው ምዕራፍ እንደታየው» ይሰርዙ።
5. «አጥኚው»፣ «ይህ ጥናት» የሚሉትን ይፈልጉና ይቀይሩ። «አጥኚው ወደ ላስታ ተጉዞ» ከማለት «ወደ ላስታ ሄጄ» ይበሉ።
6. «የመፍትሔ ሐሳቦች» የሚለውን ክፍል ያውጡት። ለመንግሥት ቢሮ የተጻፈ ምክር ቶሎ ያረጃል።
7. ርዝመቱን ይቁጠሩ። ለእንግሊዝኛ መጽሐፍ በብዛት የሚፈለገው የግርጌ ማስታወሻና ዋቢ ተጨምሮበት ከ80,000 እስከ 100,000 ቃል ነው። ዎርድ ላይ ሲቆጥሩ የግርጌ ማስታወሻን ጨምር የሚለው ሳጥን ምልክት መደረጉን ይመልከቱ፤ አለበለዚያ የሚያዩት ቁጥር ያታልላል።

ከተበላሸ፦ ከመቁረጥ በኋላ ምዕራፎቹ አልያያዝ ካሉ፣ ከእያንዳንዱ አንቀጽ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አውጥተው በተርታ ያንብቡ። ሐሳቡ የሚቋረጥበት ቦታ በዚያው ይታያል።

ደረጃ 3፦ ፕሮፖዛሉን ይጻፉ

ፕሮፖዛሉ ከ6 እስከ 10 ገጽ ይሁን። በዚህ ቅደም ተከተል ያቅርቡት፦ የመጽሐፉ መከራከሪያ በአንድ ገጽ፤ የእያንዳንዱ ምዕራፍ ጭማቂ ከ150 እስከ 250 ቃል፤ የቃል ብዛት፤ የፎቶ፣ የካርታና የሠንጠረዥ ቁጥር፤ አንባቢው ማን እንደሆነ፤ በቅርብ የሚዛመዱ አራት ወይም አምስት መጻሕፍትና የእርስዎ የሚለይበት ነጥብ፤ ረቂቁ የሚጠናቀቅበት ወር፤ የሁለት ገጽ የትምህርትና የሥራ ታሪክ። ከዚህ ጋር አንድ ናሙና ምዕራፍ ይላኩ፤ መግቢያውን ሳይሆን፣ ማስረጃዎ በጣም የበረታበትን መካከለኛ ምዕራፍ።

ከመመረቂያው የመጣ መሆኑን አይደብቁ። መመረቂያው በዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሮኒክ ማኅደር ላይ ክፍት ሆኖ ከተቀመጠ አርታኢው በአንድ ፍለጋ ያገኘዋል። የተለወጠውን፣ የተጨመረውንና የወጣውን በአንድ አንቀጽ ይግለጹ። በመጽሔት የወጣ ምዕራፍ ካለም የመጽሔቱን ስምና ዓመት ይጥቀሱ።

ደረጃ 4፦ የግዕዝ ፊደሉን ያስተካክሉ

አንድም የአማርኛ ወይም የግዕዝ ቃል ያለበት ረቂቅ ሁሉ በዚህ ያልፋል።

4.1 ፊደሉ ዩኒኮድ መሆኑን ይፈትኑ

ዩኒኮድ ኮምፒውተሮች ሁሉ የየቋንቋውን ፊደል በአንድ ዓይነት መለያ ቁጥር እንዲያውቁት የሚያደርግ ሥርዓት ነው፤ የግዕዝ ፊደል እሱ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ የተሠራባቸው የድሮ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ቅጂዎች የላቲን ፊደላትን ቦታ ይዘው የአማርኛ ቅርጽ የሚያሳዩ ናቸው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ወደ ላቲን ፊደልና ምልክት ይበተናል።

ፈተናው ይህ ነው፦ ጥቂት መስመር ይምረጡና ፎንቱን ወደ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ይቀይሩት። እንዳለ ከቆየ ዩኒኮድ ነው። ወደ ምልክት ከተለወጠ አይደለም፤ መቀየሪያ ያስፈልገዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሙሉውን ፋይል በአንድ ጊዜ ወደ መቀየሪያ አያስገቡ። መካከል ላይ ያለው እንግሊዝኛ የማይረባ አማርኛ ሆኖ ይወጣል። ዎርድ ላይ በፎንት ስም እየፈለጉ የድሮው ፎንት ያለበትን ክፍል ብቻ ይቀይሩ። ከዚያ ዲቃላ ፊደላትን፣ ሏ፣ ቋ፣ ኰ፣ ጐ፣ ጓ፣ እንዲሁም የግዕዝ ቁጥሮችን በዐይን ይመርምሩ። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚያ ነው።

4.2 ሥርዓተ ነጥቡን ያጽዱ

አራት ነጥብ የራሱ አንድ ቁምፊ አለው። ብዙ ሰው ግን ሁለት ጊዜ «፡» ተጭኖ «፡፡» ይሠራል፤ አንዳንዱ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ሁለት ኮለን «::» ይደረድራል። ስክሪን ላይ ልዩነቱ አይታይም። ሌይአውት (የገጽ ቅንብር) ሲሠራ ግን አንዱ ሁለት ነጥብ በመስመር መጨረሻ ቀርቶ ሌላው ወደሚቀጥለው መስመር ሊወርድ ይችላል።

1. የመፈለጊያና የመተኪያ ሳጥኑን ይክፈቱ፤ «፡፡» ፈልገው በ«።» ይተኩ።
2. «::» በ«።» ይተኩ።
3. ከ«።»፣ ከ«፣» እና ከ«፤» በፊት የገባ ባዶ ቦታ ካለ ያጥፉ። ይህ ካልሆነ ነጥቡ ብቻውን መስመር ይጀምራል።
4. ድርብ ባዶ ቦታን በነጠላ ይተኩ፤ ውጤቱ ዜሮ እስኪል ይደጋግሙ።

መጠንቀቅ ያለብዎት አንድ ነገር አለ፦ ከብራና የጠቀሱት ጽሑፍ ቃላትን በ«፡» የሚለይ ከሆነ አይንኩት። ጥቅሱ እንደ ምንጩ መቆየት አለበት። ስለዚህ «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ከመጫንዎ በፊት የግዕዝ ጥቅሶችን በቀለም ምልክት ያድርጉባቸው፤ በነሱ ላይ ሲደርሱም እያዩ ይለፉ።

4.3 ሞክሼ ፊደላትን ይወስኑ

ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ላይ አንድ ሥርዓት ይምረጡ፤ ወይ የግዕዙን ሥር ይጠብቁ፣ ወይ አሳታሚው ያወጣውን ሕግ ይከተሉ። ሁለቱን ማደባለቅ ግን አይሆንም። «ኃይሌ»፣ «ሃይሌ» እና «ሀይሌ» አንድ ሰው ቢሆኑም ኮምፒውተሩ ሲደረድራቸው ሦስት ቦታ ይሄዳሉ፤ ከነዚህም «ኃይሌ» ከ«ተ» እና ከ«ቸ» በኋላ ይገኛል። በመጠቁሙ (በመጽሐፉ መጨረሻ ስሞችንና ርዕሶችን ከነገጻቸው በሚዘረዝረው ክፍል) ላይ አንድ ሰው ሦስት ሆኖ የሚታየው በዚህ ነው። የሰዎችን ስም ግን በራሳቸው መጽሐፍ ሽፋን ላይ እንደጻፉት ይተዉት።

4.4 የላቲን ጽሕፈት

በእንግሊዝኛ ለሚጻፍ መጽሐፍ አንድ የፊደል አሠራር ይምረጡና እስከ መጨረሻ ይያዙት። በዘርፉ በሰፊው የሚሠራበት ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ የተከተለው ነው። ሥራዎ የቋንቋ ወይም የብራና ጥናት ካልሆነ ግን ነጥብና ሰረዝ የበዛበት ጽሕፈት አንባቢን ያደክማል፤ ቀላሉን ይምረጡ፣ ሙሉውን ለቃላት መፍቻው ይተዉት።

ሙሉውን ከመረጡ ጨ፣ ጰ ሁለቱን ይፈትኑ። ከሥራቸው ነጥብ የሚያስፈልጋቸው እነዚህ ፊደላት በዩኒኮድ አንድ ወጥ ቁምፊ የላቸውም፤ ነጥቡ ለብቻው ይጨመራል፣ በአንዳንድ ፎንት ላይም ወደ ጎን ይንሸራተታል። አ እና ዐን ለመለየት የሚገባውን ግማሽ ክብ ደግሞ በተራ የእንግሊዝኛ ጭረት አይተኩት፤ ዎርድ ወደ ጥቅስ ምልክት ይለውጠዋል።

ደረጃ 5፦ ስም፣ ዘመንና ዋቢ

5.1 የኢትዮጵያ ስሞች

የኢትዮጵያ ስም አይገለበጥም። ባሕሩ ዘውዴ በ«ባሕሩ» ይደረደራል፤ «ዘውዴ፣ ባሕሩ» ተብሎ አይጻፍም። የዋቢ ሶፍትዌሮች ግን የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዳሉ። በሥርግው ሀብለ ሥላሴ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ይባስ ነው፦ «ሥላሴ፣ ሥ. ሀ.» ይሆናሉ። «ሀብለ ሥላሴ» የአባት ስም ሆኖ አንድ ነው፣ አይከፈልም።

1. ዞቴሮ የተባለውን የዋቢ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ከሆነ በእያንዳንዱ የኢትዮጵያ ጸሐፊ ላይ የስሙን ሳጥን ወደ አንድ ሳጥን ይቀይሩትና ሙሉውን ስም በተርታው ይጻፉ።
2. በግርጌ ማስታወሻ አሕጽሮ ሲጠቅሱ የራሱን ስም ይጠቀሙ፤ «ባሕሩ፣ ገጽ 45» እንደማለት።
3. ውጭ ሀገር የሚኖሩና በእንግሊዝኛ ሥራቸው ላይ የአባታቸውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም የሚጠቀሙ ጸሐፊዎች አሉ። የእነሱን እንደራሳቸው ምርጫ ያድርጉ።
4. ይህን አሠራር በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ በሦስት ዓረፍተ ነገር ይግለጹ። ካልገለጹት የውጭ አገር አርታኢ «ስሕተት» መስሎት ሁሉንም ይገለብጠዋል።

5.2 ዘመን አቆጣጠር

ዓመት ብቻ እያዩ ስምንት መደመር አያዋጣም። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ኦክቶበር 1973 ነው፤ የካቲት 1966 ዓ.ም. ግን ፌብሩዋሪ 1974። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ነው። ወሩ የማይታወቅ ከሆነ 1973/74 ብለው በአንድ ላይ ይጻፉ።

ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት ያሉ ቀኖች ሌላ ጣጣ አላቸው። ዛሬ የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ይውላል። የዓድዋ ጦርነት የተካሄደበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። በዛሬው ልዩነት አስልተው የጻፉት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀን ሁሉ አንድ ቀን ይሳሳታል፤ አንድ በአንድ ይመልከቷቸው።

በአማርኛ ረቂቅ ላይ የውጭ ዓመት ሲመጣ «እ.ኤ.አ.» አይለየው። በእንግሊዝኛ ረቂቅ ላይ ደግሞ የአማርኛ መጻሕፍት የኅትመት ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር ይቀመጥ፤ አለበለዚያ በ1990 ዓ.ም. የወጣ መጽሐፍ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል።

5.3 የሰነድና የብራና ማጣቀሻ

የቤተ መዛግብት ሰነድ የተቋሙ ስም፣ የክፍሉ ስም፣ የሳጥንና የፋይል ቁጥር፣ ቀን ይኑረው። ብራና ሲሆን የሚገኝበት ገዳም ወይም ቤተ መጻሕፍት፣ የመዝገብ ቁጥር፣ ቅጠሉና ፊት ወይም ጀርባ መሆኑ ይገለጽ። ያዩት በማይክሮፊልም ወይም በዲጂታል ቅጂ ከሆነ የቅጂውንም ቁጥር ይጨምሩ። በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ባለው የሂል ብራናዎች ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው ማይክሮፊልም የራሱ ተራ ቁጥር አለው፤ የገዳሙ መደርደሪያ ቁጥር ከዚያ የተለየ ነው።

ከተበላሸ፦ የፋይል ቁጥሩን ያልጻፉበት ሰነድ ካጋጠመዎት በግምት አይሙሉት። ማስታወሻ ደብተርዎን፣ በስልክ ያነሡትን ፎቶ ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የፋይሉ ሽፋን ከፊቱ ያለው ፎቶ ላይ ይገኛል። ካልተገኘ ተመልሰው ይዩት፤ አለበለዚያ በዚያ ሰነድ ላይ የቆመውን ነጥብ ያውጡት።

ደረጃ 6፦ ፎቶ፣ ካርታና ሠንጠረዥ

1. ፎቶ በሚታተምበት ስፋት 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ስፋቱን በሴንቲ ሜትር ለ2.54 ያካፍሉ፣ በ300 ያባዙ። 12 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ፎቶ 1,420 ፒክስል ያህል ይወጣል። የመስመር ሥዕል ከ600 ዲፒአይ አይነስ።
2. የፒክስሉ ቁጥር ካልደረሰ በፕሮግራም አይንፉት፤ ዲፒአዩ ቢጨምርም ፎቶው ይደበዝዛል። እንደገና ስካን ያድርጉ ወይም በትንሹ እንዲታተም ይወስኑ።
3. ፎቶ በቴሌግራም ሲላክልዎ «እንደ ፋይል» እንዲላክ ይጠይቁ። እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ መጠኑ ይቀንሳል፤ ለሙሉ ገጽ ኅትመትም አይበቃም።
4. ፎቶዎቹን ዎርድ ውስጥ አይለጥፉ። በቲፍ ወይም በከፍተኛ ጥራት በተቀመጠ ጄፔግ ለየብቻ ያስቀምጡ። ዎርዱ ላይ ቦታውን ብቻ ያመልክቱ፦ «ሥዕል 3.2 እዚህ ገደማ ይግባ»። የመጀመሪያው ቁጥር ምዕራፉ፣ ሁለተኛው ተራው ነው።
5. መግለጫዎቹን በአንድ የተለየ ፋይል ይዘርዝሩ፤ ምን እንደሆነ፣ የት፣ መቼ፣ ማን እንዳነሣው፣ በማን ፈቃድ።
6. ካርታ ከድረ ገጽ አይቅዱ። መጽሐፉ ስለሚናገርለት ዘመን የተሠራ ይሁን፤ ዓመቱም ካርታው ላይ ይጻፍ። ሲዳማ በ2020፣ ደቡብ ምዕራብ በ2021፣ ማዕከላዊና ደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎች በ2023 እ.ኤ.አ. ስለተደራጁ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ የአስተዳደር ካርታ ያለ ዓመት ከቀረበ ገምጋሚው በመጀመሪያ የሚያነሣው እሱን ነው።
7. ሠንጠረዥን በዎርድ የሠንጠረዥ መሣሪያ ይሥሩ፤ በታብና በባዶ ቦታ የተደረደረ ዓምድ ሌይአውት ላይ ይፈርሳል።

ደረጃ 7፦ ፈቃድና የመረጃ ሰጪዎች ደኅንነት

ፈቃድ መጠየቅን ለመጨረሻ አይተዉ፤ መልስ ለማግኘት ወራት ሊፈጅ ይችላል።

በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። በእንግሊዝና በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 70 ዓመት ነው፤ አሳታሚዎ እዚያ ካለ በራሱ አገር ሕግ ይጠይቅዎታል። ሙሉ ግጥም ወይም የዘፈን ግጥም፣ ፎቶ፣ ካርታ፣ ከሌላ መጽሐፍ የተወሰደ ሠንጠረዥ በጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋሉ። የብራና ምስል ሲሆን ፈቃዱ ከባለቤቱ ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን፣ ዲጂታል ቅጂውን ከያዘው ተቋምም ይጠየቃል። በቃል «እሺ» መባሉ አይበቃም።

የጥያቄው ደብዳቤ አራት ነገር ይያዝ፦ የሚፈልጉት ምስል ወይም ገጽ በትክክል፤ የመጽሐፉ ርዕስና አሳታሚ፤ የሚታተመው ቅጂ ግምት፤ በወረቀትም በኤሌክትሮኒክም እንደሚወጣ። የኤሌክትሮኒኩን ከረሱት እንደገና መጠየቅ ይመጣል።

በመመረቂያዎች መጨረሻ ላይ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር፣ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ መኖሪያና የተጠየቁበት ቀን፣ አለ። ይህን ዝርዝር ሳያዩ ወደ መጽሐፉ አያሻግሩት። ሰውየው የፈረመው ለመመረቂያ ነው ወይስ ለመጽሐፍም? ስለ መሬት ክርክር፣ ስለ ግጭት ወይም ስለ አስተዳዳሪዎች የተናገረው ነገር ዛሬ በስሙ ቢታተም ምን ይደርስበታል? ጥርጣሬ ካለዎት ስሙን ያውጡ፤ ቀበሌውንም ይተዉ። በትንሽ ቀበሌ ውስጥ «የ78 ዓመት አዛውንት፣ የቀድሞ ጭቃ ሹም» ማለት ስም ከመጥራት አይለይም። ታሪካቸውን ያደሩን ሰዎች ናቸው፤ የኅትመት ጉጉት ከነሱ ደኅንነት በፊት አይመጣም።

ደረጃ 8፦ ፋይሉን ያጽዱና ይላኩ

ከዚህ በፊት የሙሉውን ሥራ ቅጂ ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ከዚያ፦

1. የለውጥ ምልክቶችን በሙሉ ይቀበሉ፤ የአማካሪዎን የዳር አስተያየቶች ይሰርዙ። መደበቅ ከመሰረዝ ይለያል፤ የተደበቀው በአርታኢው ኮምፒውተር ላይ ይወጣል።
2. በሶፍትዌር የገቡ ዋቢዎችን ወደ ተራ ጽሑፍ ይለውጡ። በኪቦርድ አቋራጭ የሚሠሩት ከሆነ፣ ሙሉ ጽሑፉን መምረጥ የግርጌ ማስታወሻዎችን አያካትትም፤ ማስታወሻው ውስጥ ገብተው እንደገና መርጠው ይድገሙት። ከዚህ በኋላ ሶፍትዌሩ ዋቢዎቹን አያውቃቸውምና፣ የመጀመሪያውን ቅጂ አያጥፉ።
3. የግርጌ ማስታወሻዎቹ ራሳቸው በዎርድ መሣሪያ የገቡ እንደሆኑ ይቆዩ። በየምዕራፉ ከ1 ይጀምሩ። ርዕስ ላይ የማስታወሻ ቁጥር አይንጠልጠል።
4. 12 ነጥብ ፎንት፣ ድርብ የመስመር ክፍተት፣ በአራቱም በኩል 2.54 ሴንቲ ሜትር ኅዳግ። ጽሑፉ በግራ በኩል ብቻ ይስተካከል። ጌጥ፣ ቀለም፣ የተሣለ መስመር አያስፈልግም፤ የገጽ ንድፍ የአሳታሚው ሥራ ነው።
5. «በገጽ 112 እንደተገለጸው» የሚሉ የውስጥ ጥቆማዎችን በ«ገጽ 000» ይተኩ። ገጹ ስለሚለወጥ ትክክለኛው ቁጥር በማረሚያው ጊዜ ይሞላል።
6. እያንዳንዱን ምዕራፍ የየራሱ ፋይል ያድርጉ። የፋይሉ ስም በሁለት አኃዝ ይጀምር፦ 00 የመጀመሪያ ገጾች፣ 01 መግቢያ፣ 02 ምዕራፍ አንድ እያለ ይቀጥላል። ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ስሙ በላቲን ፊደል ይሁን።
7. የመጀመሪያ ገጾቹን በዚህ ተርታ ያቅርቡ፦ የርዕስ ገጽ፣ ማውጫ፣ የሥዕሎችና የሠንጠረዦች ዝርዝር፣ ምስጋና፣ ስለ ስምና ዘመን አጻጻፍ ማስታወሻ፣ ምህፃረ ቃላት። መጠቁሙን አሁን አይሥሩ፤ የገጽ ቁጥር ሳይረጋ የሚሠራ መጠቁም ድካም ብቻ ነው። የአይኤስቢኤን ቁጥርም የአሳታሚው ኃላፊነት ነው።
8. ገምጋሚዎች የደራሲውን ስም ሳያውቁ የሚያነቡ ከሆነ፣ ስምዎን ከፋይሉ መረጃ ላይም ያጥፉ። ዎርድ ላይ ፋይል፣ ኢንፎ፣ ኢንስፔክት ዶክዩመንት በሚለው መንገድ ይገኛል። ምስጋናውንም ያውጡት። «በቀድሞ ጽሑፌ» የሚል ማስታወሻ ካለ ይለውጡ።
9. ፎንቱ የተያያዘበት የሙሉ ረቂቅ ፒዲኤፍ ይሥሩ። የቋንቋ አርታኢው የግዕዝ ፊደሉ ምን መምሰል እንዳለበት የሚያመሳክርበት እሱ ነው።
10. ሁሉንም ፋይል እርስዎ የጻፉበት የአማርኛ ፎንት ወዳልተጫነበት የሰው ኮምፒውተር ወስደው ይክፈቱ። አማርኛው ወደ ላቲን ፊደል ወይም ምልክት ተለውጦ ካዩ ወደ 4.1 ይመለሱ።

በኢሜይሉ ላይ የፋይሎቹን ዝርዝር፣ የቃል ብዛቱን፣ ፈቃድ የተገኘበትንና ገና የሚጠበቀውን ይጻፉ። አጭር ይሁን።

ደረጃ 9፦ ከላኩ በኋላ

ግምገማ ከሦስት እስከ ስድስት ወር መውሰዱ የተለመደ ነው። ሦስተኛው ወር ሲያልፍ በሁለት መስመር ኢሜይል የት እንደደረሰ መጠየቅ ነውር የለውም። በዚህ መካከል ረቂቁን አይነካኩ፤ የተሻሻለ ቅጂ እያከታተሉ መላክ ገምጋሚው የትኛውን እንደሚያነብ ያሳጣዋል።

የግምገማው ወረቀት ሲመጣ በደረሰበት ቀን አይመልሱ። ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፦ ገምጋሚው ያለው፣ እርስዎ ያደረጉት፣ ለውጡ የሚገኝበት ምዕራፍና አንቀጽ። የማይቀበሉትን አስተያየት በዝምታ አይለፉት፤ ለምን እንዳልተቀበሉት በማስረጃ ይጻፉ። ሁለቱ ገምጋሚዎች ከተቃረኑ አርታኢውን ይጠይቁ፤ የሚወስነው እሱ ነው።

ውድቅ ከሆነ አስተያየቱን ይያዙና ማስተካከል ያለበትን ያስተካክሉ፤ በትንሽ ዘርፍ ውስጥ ሁለተኛው አሳታሚ ያንኑ ገምጋሚ ሊጠራ ይችላል። ከዚያ የአዲሱን አሳታሚ የደራሲ መመሪያ አውርደው የዋቢ አጻጻፉን ወደሱ ይለውጡ፣ ፕሮፖዛሉን ለሱ ተከታታይ እንዲስማማ እንደገና ይጻፉ፣ የቀድሞው አሳታሚ ስም በደብዳቤው፣ በፋይል ስሞችና በገጽ አናት ላይ አለመቅረቱን ይፈልጉና ይላኩ።